ልጄ ወደ እኔ የላከቻቸው ሽማግሌዎች

ሽማግሌ የሚላከው ወደ ሰው ቤት ነው። የሰው ልጅ ለትዳር የፈለገ ይልካል፤ ከጎረቤቱ በአጥር የተጋጨ ይልካል፤ ሚስቱ አኩርፋ እናቷ ቤት የገባችበት ይልካል። የገዛ ልጁ፣ ከገዛ ጓዳው፣ ወደ ገዛ ሳሎኑ ሽማግሌ የላከችበት አባት ግን ከእኔ በፊት የነበረ አይመስለኝም። ኖሮም ከሆነ በዓለም ላይ ሁለት ብቻ ነን፤ ያኛውም ይሄኔ በሐፍረት ሞቷል።

ነገሩ የሆነው ካምፓላ ነው፣ ሰው ሁሉ አፉን ሸፍኖ በሚሄድበት ዘመን። በአገራችን ተማሪ የሚያርፈው ክረምት ሲገባ ነው፤ ዝናቡ ራሱ «በቃ ሂዱ» ይላል። ካምፓላ ውስጥ ክረምት የለም፤ ዝናቡ ደስ ባለው ቀን መጥቶ የገበያውን ሰፈር ናኪቩቦን ባሕር አድርጎ ይሄዳል። ያኔ ግን መንግሥት ትምህርት ቤቶችን ዘጋና ክረምትን በአዋጅ አመጣው። ክረምትም ክረምት ነበር። ሲገቡበት የወተት ጥርስ የነበራቸው ልጆች ሲወጡ ጢማቸውን ይላጩ ነበር። የጎረቤታችን ልጅ የዩኒፎርም ሱሪ መጀመሪያ ቁምጣ ሆነ፣ ቀጥሎ የወለል መወልወያ ሆነ፣ በመጨረሻ ደብዛው ጠፋ፤ ትምህርት ቤቱ ግን አልተከፈተም።

የኔ የመጀመሪያ ልጅ ሲኒየር ፎር ላይ ነበረች። ይህ አገር አቀፍ ፈተና የሚወሰድበት ክፍል ነው፤ እሱን ያለፈ ሁለት ዓመት ጨምሮ ነው ዩኒቨርስቲ የሚገባው። ተፈታኞች ስለሆኑ ከሌላው ቀድመው ተጠርተው ተማሩ፣ ተፈተኑ። ከፈተናው በኋላ ያለውን ረጅም እረፍት እዚህ «ቫክ» ይሉታል። ቫክ የገባ ልጅ ምን ይሥራ የሚለው ጥያቄ በየቤቱ ይነሳል። አንዱ ኮምፒውተር ይማራል፣ አንዷ ፀጉር ሥራ ትገባለች፣ አንዱ ክፍለ አገር አጎቱ ዘንድ ይላካል። በኛ ቤት ጥያቄው አልተነሳም። መልሱን እኔው አስቀድሜ ሰጥቼዋለሁ፦ ሱቅ።

ናኪቩቦ አጠገብ ካሉት ባለብዙ ፎቅ የገበያ ሕንፃዎች በአንዱ፣ እዚህ «አርኬድ» የሚባሉት፣ ነጠላ ጫማ በጅምላ እሸጣለሁ። ሱቄ ከመጥበቧ የተነሳ ደንበኛ ሊያስነጥስ ሲል እኔ ወጥቼ ነው የምጠብቀው። ልጄ ከገባችባት ወዲህ ግን ሰፋች። ዕቃው በየቁጥሩ ተደረደረ፣ ግራው ቀኙን አገኘ። የአገሩን ቋንቋ፣ ሉጋንዳውን፣ እንደ ተወላጅ ታንቆረቁረዋለች፤ ከገጠር የሚመጡት ነጋዴዎች እኔን አልፈው እሷን ይጠይቃሉ። ስለዚህ ቫኩን ብቻ ሳይሆን ከቫኩ በኋላ ያለውንም ዕድሜዋን ለሱቁ መድቤው ነበር። በልቤ ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም፤ ላገኘሁት ሰው ሁሉ አወራዋለሁ።

ስለ ትምህርት ያለኝ አቋም በሰፈሬ በኪቡሊና በአካባቢዋ የታወቀ ነው። እኔ ከስምንተኛ ክፍል ነው የወጣሁት። ለምን ወጣህ ስባል «ትምህርቱ አልቆብኝ» እላለሁ። ዲግሪ ይዞ ሥራ ያጣ ወጣት ሳገኝ «ወረቀቱን ሮሌክስ ጠቅልልበት» እለዋለሁ፤ ሮሌክስ እዚህ ሰዓት አይደለም፣ እንቁላል በቻፓቲ ተጠቅልሎ መንገድ ላይ የሚሸጥ ቁርስ ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋማ ጨዋታዬ ለመለመ። «ይኸው ዓመት ሙሉ ተዘግቶ ምን ጎደለ? ፀሐይ በምዕራብ ወጣች?» እል ነበር። ሰው ይስቃል። እኔ ደግሞ ሰው ከሳቀልኝ የማልሸጠው ነገር የለም።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሱቁ በደንበኛ ጢም ብሎ ሳለ፣ ካርቶን ትከፍት የነበረችው ልጄ «አባዬ» አለችኝ።

«ወዬ።»

«ዩኒቨርስቲው አጠገብ፣ ዋንዴገያ፣ ለቫክ የሚያስተምሩ አሉ። የዩኒቨርስቲ ተማሪዎች ናቸው። ሲኒየር ፋይቭ ሲገቡ ፊዚክስ የሚወስዱትን ከአሁኑ ያዘጋጃሉ።»

«ፊዚክስ ምን ያደርግልሻል?»

«ልማረው ነዋ።»

እኔ ወደ ደንበኞቹ ዞርኩ። በሽታዬ ይህ ነው፤ ልጄ እያናገረችኝ ፊቴን ለሕዝብ እሰጣለሁ። «ስሙኝማ» አልኳቸው፣ እንግሊዝኛውንም ሉጋንዳውንም ከእጄ ጋር እያደባለቅኩ። «ይቺ ልጅ ፊዚክስ ልማር ትላለች። እኔ እዚህ ቆሜ ዕድሜዬን ሙሉ ካርቶን ሲወድቅ አይቻለሁ። አንድም ቀን ወደ ላይ ወድቆ አያውቅም። ከዚህ በላይ ፊዚክስ አለ?»

ሱቁ በሳቅ ተናወጠ። ከማሳካ ከተማ የመጣች አንዲት ነጋዴ እንባዋን በጭምብሏ ጠረገች። ልጄም ሳቀች። አይቻታለሁ፣ ስቃለች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ግራውን ከቀኙ ማጣመሯን ቀጠለች። እኔም ጨዋታ ነው ብዬ አለፍኩት። የተጠየቅኩ መሆኔን፣ መልስም የሰጠሁ መሆኔን አላወቅኩም።

ኢድ ካለፈ በኋላ ስልክ ተደወለልኝ። ደዋዩ ሐጂ ናቸው። የጅማ ሰው ናቸው፤ ኪቡሊ መስጊዱ አጠገብ የእህልና የቅመም ሱቅ አላቸው፤ ካምፓላ ያለን ሐበሾች እስላሙም ክርስቲያኑም ስንጣላ የምንሮጠው ወደ እሳቸው ነው።

«ሐሙስ ከዐሥር ሰዓት በኋላ ቤት ትኖራለህ?» አሉኝ።

«ለርስዎማ ሁልጊዜ አለሁ ሐጂ። በሰላም ነው?»

«በሰላም ነው። ሦስት ሆነን ብቅ እንላለን።»

ሌላ ነገር አላሉም፤ ማለትም አያስፈልጋቸውም። ሐጂ ለሻይ ሲመጡ ብቻቸውን ነው፣ ሳይደውሉም ነው። ሦስት ሆኖ፣ ቀን ቆርጦ፣ ደውሎ የሚመጣ ሽማግሌ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ እንደኔ ሴት ልጅ ያሳደገ ወሎዬ ሁሉ ይህን ያውቃል። ልጄ ገና አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው።

ቤት ስገባ ሚስቴ ሽንኩርት ትከትፋለች። «ሽማግሌ ሊመጣብን ነው» አልኳት።

«ይምጡ።»

«ሰምተሽኛል? ሽማግሌ ነው የምልሽ። ሦስት።»

«ሰማሁ እኮ። ሳምቡሳ እጠብሳለሁ።»

ሴትዮዋ ለሳምቡሳው ካልሆነ በቀር የልጇ ነገር የገደዳት አትመስልም። እኔ ግን እስከ ሐሙስ ድረስ ልጄን ማን እንደጠየቃት ስመረምር ሰነበትኩ። ጥርጣሬዬ ያረፈው አርኬዱ ምድር ቤት ስልክ በሚጠግን ያገራችን ወጣት ላይ ነው። ጥፋቱ ባየኝ ቁጥር «ፋዘር» ማለቱ ነው። ለካ ፋዘር የሚለኝ ለዚህ ነው ብዬ ሰላምታ ነሳሁት። ደረጃው ላይ አስቁሞኝ «ምን አጠፋሁ ፋዘር?» ቢለኝ «እሱን አንተ ታውቃለህ» ብዬው አለፍኩ። ምስኪኑ ልጅ ከዚያ ወዲህ እኔ ስመጣ ዕቃውን አነሳስቶ መጋዘን ይገባ ጀመር።

እምቢ እንደምል ቆርጫለሁ። ግን ለሽማግሌ እምቢ ሲባል ምክንያት ያስፈልጋል፤ ቀልድ አይበቃም። ብፈልግ ብፈልግ አንድ ምክንያት ብቻ አገኘሁ፤ አባት ሁሉ የሚለው ነው፤ ልጄ ትማራለች። እሱን መታጠቢያ ቤቱ መስተዋት ፊት ቆሜ ተለማመድኩት። መጀመሪያ አፌን ጎረበጠኝ። ስደጋግመው ጣፈጠኝ። ነጋዴ ነኝ፤ መጋዘኔ ውስጥ የሌለ ዕቃ ማሞገስ ለምጃለሁ።

ሐሙስ በሰዓቱ መጡ። በሩን ስከፍት ሐጂ ከፊት በዘንጋቸው ተደግፈው ቆመዋል። በቀኛቸው ካባላጋላ ሰፈር ምግብ ቤት ያለው የአዲስ አበባው ሰው፣ በግራቸው የኔው አገር ልጅ፣ ልብስ ሰፊው ወሎዬ። ሦስቱም ጭምብል አጥልቀው ስለነበር ባላውቃቸው ኖሮ ዘራፊ ብዬ ሰፈሩን እጠራ ነበር።

«ግቡ፤ ተቀመጡ እንጂ» አልኩ።

ገቡ፤ አልተቀመጡም። «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ሐጂ። ወጉ ነው፤ ሽማግሌ ሊጠይቅ ሲመጣ ቆሞ ነው። የኔም ወግ ሽማግሌው ተናግሮ እስኪጨርስ አንገቴን ደፍቼ ማዳመጥ ነበር። ነገር ግን የተለማመድኩት ንግግር ጉሮሮዬ ላይ ቆሟል፤ እንኳን እስኪጨርሱ እስኪጀምሩም አላስቆየኝም።

«ሐጂ» አልኩ፣ «እርስዎን ከማድከም እኔ ልቅደም። የመጣችሁበት ገብቶኛል። እናንተን አክባሪ ነኝ። ልጄ ግን ገና ተማሪ ናት።»

ሐጂ የሆነ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ።

«ቆዩኝ ሐጂ። ልጄ ትማራለች። ፊዚክስ ትማራለች፣ ኬሚስትሪ ትማራለች፣ ሌላም ካላቸው ይጨመርላታል። ኮረብታው ላይ ያለው ዩኒቨርስቲ ትገባለች፤ የምትወጣውም ዩኒቨርስቲው የሚያስተምራት ሲያጣ ነው። ቫኩንም ቢሆን ቁጭ ብላ አታሳልፈውም፤ ታጠናለች። እንዲህ ያለ ጭንቅላት ያላትን ልጅ ከመጽሐፍ ላይ አንስቶ ሌላ ነገር ላይ የሚያስቀምጥ አባት አባት አይደለም።»

ልብስ ሰፊው ጭምብሉን ወደ ዓይኑ ሳብ አደረገ። ትከሻው ይንቀጠቀጣል። የምግብ ቤቱ ባለቤት ሐጂን ያያል፣ ሐጂ እኔን ያያሉ።

«ሱቁስ?» አሉ ሐጂ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«የምን ሱቅ? ሱቅ ለኔ ቢጤ ነው። ወላሂ፣ እኔ በሕይወት እያለሁ ይቺ ልጅ ትምህርቷን አታቋርጥም።»

«ወላሂ አልክ?»

«ወላሂ።»

ሐጂ ወደ ሁለቱ ዞሩ። «በሉ ተቀመጡ» አሏቸው። ሦስቱም እኩል ተቀመጡ። ሐጂ ዘንጋቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው «እኛም የመጣነው ለዚሁ ነበር» አሉኝ።

እንዴት ለዚሁ? የቆምኩት እኔ ብቻ ሆንኩ። «ማን ላካችሁ?» አልኩ።

በዘንጋቸው ጫፍ ወደ ጓዳው መጋረጃ አመለከቱ። «ከዚያ ኋላ ያለችው ልጅህ።»

ከመጋረጃው ሥር ሁለት እግር ይታየኝ ነበር፤ ከኔው ሱቅ የወጣ ነጠላ ጫማ ያደረገ።

«ሱቄ ድረስ መጣችና» አሉ ሐጂ፣ «‹ሽማግሌ እንዲሆኑኝ ነው› አለችኝ። እኔ ለትዳር መስሎኝ ልቆጣት ነበር። ‹ወደ አባቴ ነው› ስትለኝ ይበልጥ ግራ ገባኝ። ዋንዴገያ የምትማረው ነገር አለ፣ ሰኞ ይጀመራል። አንተ ሱቅ ብለሃታል። እኛ ያንን ልንለምንህ ነው የመጣን።»

«እኔን ለምን አትጠይቀኝም?»

«ጠይቃሃለች።»

«መቼ?»

«ካርቶን ወደ ታች ነው የሚወድቀው ያልካት ዕለት።»

የምግብ ቤቱ ባለቤት ጣልቃ ገባ፤ ሊያባብሰኝ አስቦ ሳይሆን ሊያቀልልኝ ነው። «ስንት ቤት ለሽምግልና ሄጃለሁ መሰለህ ወንድሜ። ለፊዚክስ ስሄድ ግን የመጀመሪያዬ ነው።» ሦስቱም ያፈኑትን ሳቅ ለቀቁት። ልብስ ሰፊው ጭምብሉን አውልቆ ነው የሳቀው። ሳቅ መውደዴን አውቃለሁ። ሳቅ እንዲህ ያለ መልክ እንዳለው ግን አላውቅም ነበር፤ በየጠረጴዛው ሳከፋፍለው የኖርኩት ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ለኔ ቀረበልኝ።

ሐጂ አልሳቁም ማለት አይደለም፤ ቶሎ ተዉት እንጂ። «ልጅቷ ምን እንዳለችኝ ልንገርህ?» አሉኝ። «‹አባቴ እኔን ሲሰማ በሰው ፊት ይስቅብኛል፤ ሽማግሌ ሲመጣበት ግን ቆሞ ይሰማል› ነው ያለችኝ።» ይኸው በእርግጥም ቆሜ ነበር። ተቀመጥ የሚለኝም ሰው አልነበረም።

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። ግን ሰው ከሚሰምጥበት ውኃ ውስጥ ሆኖ የሚይዘው ያው የለመደውን ነው። «እሺ» አልኩ፣ «ታዲያ ጥሎሹስ የታል?»

ማንም አልሳቀም። መጋረጃው ተገለጠና ልጄ ወጣች። ከወለሉ ቀና ሳትል፣ ጥያቄውን እንደ ጥያቄ ወስዳ መለሰችልኝ።

«ቅዳሜ ትምህርት የለም። ቅዳሜ ሱቁን እኔ እከፍታለሁ፤ አንተ ታርፋለህ። የዓመቱን የዕቃ ቆጠራም እኔው እሠራዋለሁ። ሐጂ ዋስ ይሆኑኛል።»

«እሆናለሁ» አሉ ሐጂ።

ልጄ ለአባቷ ዋስ ጠራች። እኔ በካምፓላ ስንት አጭበርባሪ ነጋዴ አውቃለሁ፤ ያለ ዋስ ዕቃ ሰጥቻቸው በልተውኛል፣ ደግሜም ሰጥቻቸዋለሁ። የኔ ልጅ ደግሞ እኔን ያለ ሦስተኛ ሰው አላመነችኝም። ልክ ነበረች። የሚያሳፍረው ይህ ነው፤ ተሳስታ ቢሆን ኖሮ እቆጣትና ይቀልልኝ ነበር።

ሌላው የሚያሳፍረኝን ለሐጂም አልነገርኳቸውም። ያ ሁሉ ንግግር እውነት ይሁን ውሸት እኔው ራሴ አላውቅም ነበር። ስለማመደው ለጠያቂ መመለሻ የሚሆን ዕቃ ነበር። ስናገረው ግን ድምፄ የእውነተኛ ሰው ድምፅ መሰለኝ፤ እንዲያውም መሐል ላይ እንባ ሊመጣኝ ነበር። ልጄ ያንን ከመጋረጃ ኋላ ሆና ሰምታዋለች። አሥራ ሰባት ዓመት ስታድግ ስለ ጭንቅላቷ አንድ መልካም ቃል ከአፌ የሰማችው ያን ቀን ነው፤ ያውም ለሌላ ሰው፣ ያውም በስህተት።

ሚስቴ ሳምቡሳውንና የወተት ሻዩን ይዛ ገባች። ፊቷን አየሁት። «ታውቂ ነበር?» አልኳት በሹክሹክታ። «ሐጂ የኔን ሳምቡሳ ይወዳሉ፣ ወደ እሳቸው ሂጂ ብሎ ማን የነገራት መሰለህ?» አለችኝና ትሪውን አስቀመጠች። ሐጂ ዱዓ አደረጉ። የምግብ ቤቱ ባለቤት ክርስቲያን ነው፤ መዳፉን ግን ከኛ እኩል ዘርግቶ «አሚን» ይላል። ልጄ ሦስቱንም በተራ ጎንበስ ብላ አመሰገነች፤ ዘመኑ የበሽታ ስለሆነ ጉልበት መሳም ቀርቷል። ከሦስቱ በኋላ ወደኔ መጥታ እኔንም በዚያው ልክ፣ በዚያው አጎነባበስ አመሰገነችኝ። አራተኛው ሽማግሌ ሆንኩ።

ሰኞ እኔው ላድርስሽ አልኩ። ቦዳ የሚሉትን የኪራይ ሞተር ተሳፈርን፤ እሷ መሐል፣ እኔ ከኋላ፤ ሞተረኛው በእኔ ክብደት ምክንያት ዳገቱን በጸሎት ነው የወጣው። ዋንዴገያ መብራቱ ጋ ስንደርስ ሞተረኛውን ትከሻውን ነካ አድርጋ አስቆመችው። ክፍሉ ያለው ከመንገዱ ማዶ፣ ወረቀት ከሚያባዙት ሱቆች በላይ ነው። ደረጃው ላይ ልጃገረዶች ይታያሉ።

«እዚህ ይበቃል አባዬ።»

«ምን ይበቃል? መምህሮችሽን ሰላም ልበላቸው እንጂ።»

«አንተ ሰላም አትልም።»

«እና ምን እላለሁ?»

«ትጀምራለህ» አለችኝ።

በክፋት አይደለም ያለችው። ዝናብ ሊመጣ ነው እንደሚባለው ነው፣ ዝም ብሎ ስለሚሆን ነገር። መንገዱን ተሻግራ ደረጃውን ስትወጣ ሮሌክስ ሻጩ አጠገብ ቆሜ አየኋት። ከሩቅ ስትስቅ ሰማሁ፤ ከጓደኞቿ አንዷ የሆነ ነገር ብላት ነው። በሱቄ ውስጥ ስንት ጊዜ ስትስቅ ሰምቻታለሁ፤ እንዲህ ዓይነቱን አላውቀውም። በቀልዴ ስትስቅ የኖረችው ሳቅ እንደ ደንበኞቹ የእውነት ሳቅ እንዳልነበረ የገባኝ እዚያ ቆሜ ነው። ሻጩ «ሴቦ፣ አንድ ወይስ ሁለት እንቁላል?» ብሎ ጠየቀኝ፤ ሴቦ «ጌታዬ» ማለት ነው። አንድ አልኩት፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን እንቁላሉን አስመልክቼ ሩብ ሰዓት አስቀው ነበር።

ስልክ ጠጋኙን ወጣት ይቅርታ ልጠይቀው ሄድኩ። ምን አድርጌሃለሁ ብሎ ቢጠይቀኝስ? አማችነት ሸልሜ ነጥቄሃለሁ ልለው ነው? አዲስ ነጠላ ጫማ በእጁ አስያዝኩትና ወጣሁ። ጫማው ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አያውቅም፤ አሁንም ሲያየኝ ይጠረጥረኛል።

ትምህርቱ ብዙ አልቆየም። በሽታው ተመልሶ ሲበረታ መንግሥት ሁሉን እንደገና ዘጋ፤ ዋንዴገያ ያለውም ክፍል ተዘጋ፣ አርኬዱም ተዘጋ። እውነቱን ለመናገር አርኬዱ ሲዘጋ አማረርኩ፤ የልጄ ክፍል ሲዘጋ ግን ውስጤ የሆነ ነገር እፎይ አለ። እኔ አልከለከልኳት፤ መንግሥት ነው። አርኬዱ ሲከፈት ሱቅ ትመለሳለች፤ መሐላውም እንዲሁ በራሱ ሟምቶ ይቀራል። ይህን ያሰብኩት ለአፍታ ነው። ለአፍታ ማሰቤን ግን እስካሁን ከላዬ ላራግፈው አልቻልኩም፤ ቀልድ እንኳ አልሠራለት አለ።

ሐጂ የሰው ሆድ የሚያነቡበት መነጽር ያላቸው ይመስለኛል። በዚያው ሰሞን ደወሉ። የቤተሰቡን ጤና ከጠየቁ በኋላ «የተዘጋው ትምህርት ቤት ነው» አሉኝ። «ወላሂው አልተዘጋም።»

«አውቃለሁ ሐጂ» አልኩ።

«ማወቅህን ለኔ አትንገረኝ።»

አንድ ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ተቀምጬ ነበር። ከቤት መውጣት የለም፣ የሚሸጥ የለም፤ ያለኝ ስልኬ ብቻ ነው። ትልቋ፣ ከገጠር ነጋዴዎች ጋር የምደዋወልባት፣ ፎቶ የምልክባት፣ እንደምንም ትንሽ ትንሽ የምሸጥባት። የዚያን ጊዜ ነጋዴ ካለ ስልክ እግር የሌለው ሰው ማለት ነው። ልጄ በሩ ላይ መጥታ ቆመች። ወደ ውስጥ ዞር አለች። እናቷ ከወጥ ቤት «አይሆንም፣ ራስሽ ንገሪው» ስትላት ሰማሁ።

ወደ በረንዳው ወጣች። በመንገዱ ማንም አያልፍም፤ በረንዳው ላይ ያለነው እኔና እሷ ብቻ ነን።

«አባዬ።»

«ወዬ።»

«መምህሮቹ በስልክ ሊያስተምሩን ነው። የኔ ስልክ ቪዲዮ አያሳይም። ከሰዓት በኋላ ያንተን ትሰጠኛለህ? በየቀኑ ነው። ሰው ሲደውልልህ ላነሳልህ አልችልም።»

ምን እንደመጣልኝ አልደብቅም። አንድ ሳይሆን አምስት ቀልድ መጣልኝ፤ አንዱ ከሌላው ይሻላል። እየተጋፉ ጥርሴ ድረስ ደረሱ። ጥርሴን ገጠምኩ።

«እሺ» አልኳት።

መልሱን ሰምታ አልሄደችም። ጠበቀች። ፊቷ ላይ ያቺ በሱቅ የማውቃት ፈገግታ ተዘጋጅታ ቆማለች፤ እኔ ስጨርስ ልትስቅልኝ ነው። እኔ ግን የጨረስኩት እሺ ስል ነበር።

«እሺ ብቻ?» አለችኝ።

«እሺ ብቻ።»

ፈገግታዋ ቀስ እያለ ወረደና በምትኩ ሌላ ነገር መጣ። ጎንበስ ብላ ፊቴን አየችኝ።

«ተቆጣህ እንዴ አባዬ?»

«አልተቆጣሁም።»

«የተቆጣህ ከሆነ ይቅር። ከጓደኛዬ ማስታወሻ እቀበላለሁ።»

ቀልድ ያልጨመርኩበት እሺ ለሷ ቁጣ ነበር። ሌላ ዓይነት እሺ ከኔ ሰምታ አታውቅም። እንዳልተቆጣሁ እንዴት አድርጌ እንደማስረዳት አላወቅኩም፤ በቃል ላደርገው ብል የማውቀው ቃል ሁሉ ለሳቅ የተሠራ ነው። ስልኩን ከኪሴ አውጥቼ በሸሚዜ ጫፍ መስተዋቱን ወለወልኩት፣ መክፈቻ ቁጥሩን ነገርኳት፣ በሁለት እጄ ሰጠኋት።

በሁለት እጇ ተቀበለችኝ። ወደ ውስጥ ስትገባ አንድ ጊዜ ዞራ አየችኝ፤ አሁንም ቀልዱን ልትሰማ። እኔም የጎረቤቱን የማቶኬ ሙዝ ዛፍ እያየሁ አፌን እንደገጠምኩ ቆየሁ፣ ከውስጥ የመምህሯ ድምፅ እስኪሰማ ድረስ።